መንገድ ላይ የቆመ ሞተር

በአንጋጫ ለተሰበሰቡ ካህናትና የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላት ከልማት ክፍላችን የቀረበ ንግግር



በዚህ አዳራሽ ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ጣቢያና ስለ እርከን ሥራ ብዙ ቁም ነገር ተነግሯል። ለእኛ የተሰጠን ርእስ ከእነዚያ አጠገብ ሲቀመጥ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ የምንናገረው በረጅም መንገድ መካከል ስለሚቆም ሞተር ሳይክል ነውና። ይሁን እንጂ እስካሁን የተነገረው ሥራ ሁሉ ወደ አጥቢያዎቻችሁ የሚደርሰው በሁለት ጎማ ነው። የመስክ ሠራተኛው ሞተር መንገድ ላይ ሲቀር ለተሰበረው ቧንቧ የታሰበው መጋጠሚያ አይደርስም፤ እናቶችም ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። ዘሩ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም እንላለን።

መንገዱን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ ሆሳዕና ለመድረስ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ፣ ከአንጋጫም በዱራሜ አድርጎ ወደ ሃላባ ቁሊቶ ሲቀጠል አንድ ሞተር በጥቂት ቀናት ውስጥ ደጋውንም ቆላ ቀመሱንም ያያል። አስፋልቱ ላይ ለሰዓታት ሳያርፍ ይሮጣል፤ ወደ ቀበሌ ሲገባ ደግሞ በእንሰት ጓሮዎች መካከል በአንደኛ ማርሽ ቀዩን ጭቃ ይገፋል። ብዙ ሰው ሞተርን የሚጎዳው ፍጥነት ነው ብሎ ያስባል። በእኛ ግምት ግን ይበልጥ የሚጎዳው ጭቃው ነው፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር በዝግታ ሲያቃስት ነፋስ አያገኝምና።

የአገሩ ከፍታም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በሐምበሪቾ ተራራ አካባቢ የሚነዳ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስስ ነው፤ 2000 ሜትር ላይ እንኳ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ቤንዚኑን እንደ ቀድሞው እየሰጠ አየሩ ሲያንስ፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ይህን ያየ መካኒክ ቤንዚኑን ይቀንስና ሞተሩ ይስተካከላል። ያው ሞተር ግን እንደዚያው ወደ ሃላባ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ወደ ቆላ ለሥራ የሚላክ ሠራተኛ ሞተሩ ለየትኛው ከፍታ እንደተስተካከለ ጠይቆ ቢነሣ ብዙ ችግር ይቀርለታል።

አሁን ወደ ብልሽቱ እንግባ። ሞተር በመንገድ ላይ ሲቆም ወዲያው መርገጫውን ደጋግሞ መምታት ልማድ ሆኗል። ከዚያ በፊት አቋቋሙን ማሰብ ይገባል። እያነጠሰ፣ እየተነሣና እየወደቀ የቆመ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የቤንዚን ነው። እንደ ጠፋ መብራት በአንድ ጊዜ ድምፁ የተቋረጠ እንደሆነ ኤሌክትሪኩን መጠርጠር ነው። ጉልበቱ እየከዳው፣ የኋላ ጎማውን አንዳች ነገር ይዞ እንደሚጎትተው እየከበደው ከቆመ ግን ሙቀትና የዘይት እጥረት ነው፤ ይህ ከሁሉም ይከፋል። እንዲህ ያለው ነገር ሲሰማ ነጂው ወዲያው ፍሪሲዮኑን ይዞ ወደ ዳር ይውጣ። አንድ ዳገት ልጨርስ ማለት ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ የመስክ ሠራተኛችን ከዱራሜ ወደ አንጋጫ ሲመለስ የገጠመው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ማደያ ላይ ቤንዚን ባለመገኘቱ በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝቶ ነበር። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሩ ያስነጥስ ጀመር፤ ቆመም። ሠራተኛው በመጀመሪያ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፈተ። በክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ቀዳዳ በጭቃ ስትደፈን ቤንዚኑ መውረድ ያቆማልና ብልህ ነጂ ከዚያ ይጀምራል። ቀዳዳዋ ንጹሕ ነበረች። ቀጥሎ በካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ፈታ አድርጎ የወረደውን በባዶ ሃይላንድ ተቀበለ። ብርሃን ላይ ሲያየው ከታች ውኃ፣ ከላይ ቤንዚን ሆኖ ተለያይቷል። ውኃው እስኪያልቅ አፈሰሰው፤ የቀረውንም ቤንዚን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ መለሰ። ለዚህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ብሎኗ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኖ ሆሳዕና ለመድረስ አንድ ቀንና የሳምንት የነዳጅ ገንዘብ ያጠፋ ነበር።

ኤሌክትሪክ ሲጠረጠር ካንዴላውን መፍታት፣ ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ መርገጫውን መምታት ነው፤ ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ ግን ፈቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው። ካልታየ አዲስ ካንዴላ ይሞከር፤ አሁንም ካልታየ ገመዱና ቦቢናው ይመርመሩ። የካንዴላው ጫፍ መልክም ብዙ ይናገራል። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል ወይም ቤንዚኑ በዝቷል፤ በአቧራ ወራት የአየር ፊልትሮን ሳያጥቡ የሚነዱ ሰዎች የሚያዩት ይህን ነው። ነጭ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው።

ስለ ሙቀት የምንጨምረው አለ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት በገጠሩ ሁሉ የተለመደ ነው፤ ከሥቃይ ለማዳን ታስቦ ይደረጋል፤ ግን ብረቱን ያጣምማል፣ ይሰነጥቃልም። ጥላ ሥር አቁሞ መጠበቅ ብቻ ይበቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ የዘይቱ መጠን ይታይ፤ ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሡ በከፍተኛው ማርሽ አድርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእጅ መግፋት ነው። ያለ ችግር ከዞረ ዘይቱን ሞልቶ በዝግታ ወደሚቀርበው ጋራዥ ማድረስ ይቻላል። ካልዞረ ወይም ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ከተሰማ ግን ደግሞ አይነሣ። ቤንዚኑ ይዘጋ፣ ሞተሩ በመኪና ይጫን።

ዘይትን በተመለከተ ሁሉም ሞተር አንድ እንዳልሆነ ገንዘብ ያዦች እንድታውቁልን እንፈልጋለን። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብረው የሚያቃጥሉ ናቸው፤ የዘይት ወጪያቸው በየጊዜው ነው፤ ከማርሚታቸው ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ቢወጣም አያስደነግጥም። በዘመኑ የሚበዙት ሌሎቹ ግን አንድ ሊትር ገደማ ዘይት በሆዳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ከእነዚህ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የፒስተኑ ፋሻ ማለቁን መጠርጠር ነው። የመኪና ዘይት ርካሽ ሆኖ ተገኘ ተብሎ መጨመሩም መልካም አይደለም። የብዙዎቹ ሞተሮች ፍሪሲዮን በዚያው ዘይት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ለመኪና የተዘጋጀው ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል።

ከአገራችን ውጭ የታየ አንድ ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1988 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ የእርዳታ ሥራ ለማየት ወደ ጎረቤታችን ሶማሊያ ሄደው ነበር። በዚያ ያገኙት ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተር ሳይክሎች ገና ሳያረጁ በትንሽ በትንሽ ብልሽት ተጥለው ነው። ከዚያ ጉብኝት ቆይቶ «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለው ድርጅት ተወለደ። ይህ ድርጅት በሌሶቶና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሠራበት ዘዴ ሞተሩ እስኪበላሽ ሳይጠብቁ በተወሰነው ኪሎ ሜትር ማደስ፣ ነጂውን በየቀኑ ሞተሩን እንዲመረምር ማስተማርና የእያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ወጪ አስቀድሞ አስልቶ መያዝ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በሒሳብ መዝገብ ሲጻፍ ይህንኑ ይመስላል።

በእኛ ዘንድ ያለው ልማድ ከዚህ ይለያል። ሞተር ሳይክል ሲገዛ ይመረቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የለጋሹ ስም ይጻፍበታል። ለዘይት ግን ስሙን የሚያስጽፍ ለጋሽ አይገኝም፤ በዓመቱ በጀት ውስጥም አንድ መስመር አይሰጠውም። (ቁልፉ በገበያ ቀን ማን ኪስ ውስጥ እንደሚገኝ ዛሬ አናነሣውም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ።)

ከዚህም የከበደው የደረሰኝ ነገር ነው። መንገድ ላይ የቆመ ሠራተኛ የሚያገኘው መካኒክ በዛፍ ሥር የሚሠራ ወጣት ነው፤ እጁ የተባረከ ቢሆንም ማኅተም የለውም። ጉባኤው ደግሞ ማኅተም የሌለውን ወረቀት አይቀበልም። ስለዚህ ሠራተኛው ወይ ከኪሱ ይከፍላል፣ ወይ ሞተሩን ደረሰኝ ወዳለው ትልቅ ጋራዥ አስጭኖ አሥር እጥፍ ያስወጣል። የምእመናን ገንዘብ በጥንቃቄ መያዙ የግድ ነው፤ የገንዘብ ያዦችን ጥብቅነት አንነቅፍም። ነገር ግን ጥብቅነቱ ብዙ ገንዘብ ሲያስወጣ እያየን ዝም ማለትም ጥንቃቄ አይባልም። አንዳንድ አጥቢያዎች መልካም መፍትሔ አግኝተዋል። ለነጂው የተወሰነ የመጠባበቂያ ገንዘብ ይሰጡታል፤ መካኒኩ ስሙንና የሠራውን ጽፎ ይፈርማል፤ በቦታው የነበረ አንድ ሰው በምስክርነት ይፈርማል፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም በፌስታል ታስሮ ለገንዘብ ያዡ ይመለሳል። የተቃጠለ ካንዴላ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከብዙ ወረቀት ይልቅ ያሳምናል። ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ብትወስኑበት ለኦዲተርም መልስ አለው።

የመጨረሻው ጉዳያችን ነጂው ነው። በአንድ አጥቢያ የሚሠራ ወጣት ከሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚያንኳኳ ድምፅ ሰምቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳይናገር ነዳ። ለምን ዝም አልክ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከዚያ በፊት የተሰበረ መስተዋት ማስታወቁንና ዋጋው ከደመወዙ መቆረጡን ተናገረ። ወደ ሃላባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ። ፍሪሲዮኑን በፍጥነት ይዞ ባይሆን ኖሮ ሕይወቱም ያልፍ ነበር። ሞተሩ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በሸራ ተሸፍኖ ቆሞ ነበር፤ በእነዚያ ወራት በአጥቢያው ሊደረግ የታሰበው የምንጭ ሥራ ክትትል አላገኘም። የመስተዋቱ ዋጋ ከደመወዙ ተቆርጦ ለአጥቢያው የተረፈው ነገር ካለ ይህን ሁሉ ለመክፈል አልበቃም። ስለዚህ እንደ ሕግ ይያዝ ብለን የምንለምናችሁ፣ ነጂው «እንግዳ ድምፅ ሰማሁ» ብሎ በዚያው ቀን ካስታወቀ ሊመሰገን እንጂ ሊጠየቅ አይገባም። በግድየለሽነት ያጠፋ እንደሆነ ለብቻው ይታያል። ማስታወቁን ራሱን ግን ቅጣት አታድርጉበት፤ ከፍርሃት የተነሣ የሚነዳ ሰው ጆሮውን ይደፍናልና።

አሁን ከምሳ በፊት ወደ ግቢው እንወርዳለን። ሁለት ሞተር ሳይክሎች ተዘጋጅተዋል፤ አንዱ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የሚያቃጥለው ዓይነት ነው። መካኒካችን የካርቡራቶሩን ማፍሰሻ፣ የካንዴላውን አፈታትና የአየር ፊልትሮውን አስተጣጠብ በእያንዳንዳችሁ እጅ ያሠራል። በነጂው ሣጥን ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው መለዋወጫ ካንዴላ ከመፍቻው ጋር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁራጭ ሽቦ፣ ንጹሕ ጨርቅና ግማሽ ሊትር ዘይትም በጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ዋጋቸውን ጽፋችሁ ውሰዱ። ከየአጥቢያው ነጂው ብቻ እንዳይወርድ አደራ እንላለን፤ ገንዘብ ያዡም አብሮት ይውረድ፤ ካባ የለበሱ አባቶች ግን ዘይት እንዳይነካቸው ከጥላው ሥር ሆነው ቢመለከቱ ይሻላል።