ከቤቱ በፊት ተከራዩን መቁጠር፦ የኪራይ ፍላጎት ጥናት በአሶሳ



ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ «አሶሳ ላይ ቤት ገዝቼ ባከራይ ያዋጣኛል ወይ?» የሚሉኝ ሰዎች በርክተዋል። አብዛኞቹ የቤቱን ዋጋ በሚገባ አጣርተዋል፤ ተከራዩ ማን እንደሚሆን ግን አላሰቡም። ይህን የምለው ለነቀፌታ አይደለም፤ እኔም እንደ እነርሱ ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀምነውን ገንዘብ አውጥተን እዚሁ ከተማ ስድስት ክፍሎች ያሉት ቤት ገዛን። ደላላው «እዚህ ሰፈር ክፍል ባዶ አያድርም» አለን፤ በዚያን ጊዜ እውነቱን ነበር። አራቱን ክፍሎች የያዙት የአንድ ፕሮጀክት ሠራተኞች ነበሩ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አራቱም በአንድ ሳምንት ቁልፍ አስረክበው ሄዱ፤ ክፍሎቹም ሰባት ወር ባዶ ከረሙ። የልጃችንን የትምህርት ክፍያ የከፈልነው ከወንድሜ ተበድረን ነው። ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው፣ በራሴ ገንዘብ ላይ ስፈርም አንድ ተከራይ እንኳ አላነጋገርኩም ነበር።

ጥናቱን ከሦስት ነገሮች እንጀምር።

አንደኛ፣ የፍላጎቱን ምንጭ በካርታ ላይ እንፈልግ። ግድቡ የሚገኘው በመተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ ነው፤ አሶሳ ደግሞ ከዓባይ በስተደቡብ፣ በሌላ ዞን ትገኛለች። ክልላቸው አንድ መሆኑ የኪራይ ገበያቸውን አንድ አያደርገውም። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተቀመጠ በኋላ ግንባታው በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰማርቷል፤ 13ቱን ተርባይኖች ለማንቀሳቀስና ለመጠገን የሚያስፈልገው ሰው ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የኃይል መጠን ነው፤ ስለ ተከራይ ብዛት የሚነግረን ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ተከራዮችን በገቢያቸው ምንጭ እንለይ። አሶሳ የክልሉ መዲና እንደመሆኗ የመንግሥት ሠራተኞች አሏት፤ ደመወዛቸው መጠነኛ ቢሆንም ይቆያሉ። በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በጾሬ የስደተኞች መጠለያዎች የሚሠሩ ድርጅቶች ሠራተኞች የተሻለ ይከፍላሉ፤ ቆይታቸው ግን በለጋሾች በጀት የታሠረ ነው። የኩርሙክ የወርቅ ማዕድንም እንዲሁ በግንባታ ጊዜና በምርት ጊዜ የሚፈልገው ሰው ይለያያል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪዎች በአብዛኛው ግቢ ውስጥ ስለሚያድሩ፣ መቁጠር ያለብን መምህራኑንና የአስተዳደር ሠራተኞቹን ነው።

ሦስተኛ፣ በእግራችን እንቁጠር። በመረጥነው ሰፈር ሠላሳ የኪራይ ክፍሎችን እንይዛለን። የመጨረሻው ተከራይ መቼ ለቀቀ? ክፍሉ ስንት ቀን ባዶ ቆየ? አዲሱ ተከራይ በስንት ብር ገባ? መልሱን ከአከራዩም ከተከራዩም እንሰማለን፤ አከራይ የሚጠራውና ተከራይ የሚከፍለው ሁልጊዜ አንድ አይደለምና። ቆጠራውን አንዴ በክረምት፣ አንዴ በበጋ ማድረግ ይበጃል።

ለስሌት እንዲመች የአንዱ ክፍል ኪራይ በወር 3,000 ብር ነው እንበል። ስድስት ክፍሎች በዓመት 216,000 ብር ያስገባሉ። አራቱ ለሰባት ወራት ባዶ ቢሆኑ 84,000 ብር ይጎድላል፤ ግብርና ጥገና ገና አልተነሣም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሚሆንበት ከተማ ደግሞ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ የኪራይ ጭማሪም ገደብ አለው። ስለዚህ በመነሻው የተሳሳተ ግምት በቶሎ አይታረምም።

ዛሬ ስድስቱም ክፍሎቻችን ሰው አላቸው፤ መምህራን፣ ነርሶችና አንድ ጡረተኛ። ኪራዩ ደላላው ከነገረን ያንሳል፣ ግን በየወሩ ይገባል። ከመግዛቴ በፊት አንድ ወር በጥያቄ ባሳልፍ ኖሮ ይህንኑ አውቄ በዚያው ልክ እከፍል ነበር።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።