ወንዝ መንገዱን ሲለውጥ

(የዝናብ ድምፅ)

ሐምሌ ላይ ጉርድ ሾላ ታክሲ የጠበቀ ሰው ያንን ቡናማ ጎርፍ ያውቀዋል፤ ጫማውም ያውቀዋል። ቀለሙ ከየካና ከእንጦጦ የታጠበ አፈር ነው። ከእንጦጦ ጀርባ የዘነበው ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የእኛው በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ። አፈራችን ግን ሩቅ አይሄድም፤ አብዛኛው አባ ሳሙኤልና ቆቃ ግድቦች ላይ ይተኛል።

አፋር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ቦርከናና ሚሌ ያሉ ገባሮች ከደጋው ደለል ተሸክመው ወደ አዋሽ ይመጣሉ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ውሃው ጉልበት ያጣል፣ ሸክሙንም ያራግፋል። ደለሉ ሲከመር የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ አንዳንዴ ከዙሪያው ሜዳ በላይ። ያኔ አንድ ከባድ ጎርፍ ዳርቻውን ከሰበረ፣ ውሃው ዝቅ ያለውን መሬት ይመርጣል። እየሸረሸረ ካጠለቀውም ጎርፉ ቢጎድል አይመለስም፤ አሮጌው ቦይ ደርቆ ይቀራል።

የቻይናው ቢጫ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1855 እንዲሁ ዳርቻውን ሰብሮ ወደ ሰሜን ዞረ፤ ባሕር የሚገባበት ቦታ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተዛወረ። ዛሬም የሚገባው በዚያው በሰሜን ነው።

(ሙዚቃ)