ዕጩ ቃሉን ይስጥ፣ መራጭ ይመዝን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንበሳሜ ከተማ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የቀበሌና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፤



በዚህ በዓል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይህ አጭር ንግግር ግን የሚያተኩረው በሌላ ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም ለቀበሌ፣ ለወረዳና ለከተማ ምክር ቤት የሚቀርቡ ዕጩዎች በአካባቢው ችግሮች ላይ ያላቸውን አቋም በሕዝብ ፊት ማስረዳት እንዳለባቸው፣ ሕዝቡም ደፍሮ መጠየቅ እንዳለበት ነው።

አንድ አርሶ አደር ሩዙን ወይም ጤፉን ወደ ማኅበሩ መጋዘን ሲያመጣ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ያያል፤ ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ ሳይከት ከግቢው አይወጣም። ሁለት ኪሎ ቢጎድልበት ይከራከራል፤ መብቱም ነው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጤና ኬላው፣ ስለ መንገዱና ስለ ወንዙ ውሃ ለዓመታት ለሚወስንለት ሰው ድምፁን ሲሰጥ ሚዛንም ደረሰኝም አይጠይቅም። የዕጩ ሚዛኑ ጥያቄ ነው። ደረሰኙም በምስክር ፊት የተናገረው ቃል ነው።

ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

የኢትዮጵያ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ነው። ሴቶችም የመምረጥ መብት ነበራቸው። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ ዕጩ የሚቀርበው በራሱ ስም ሲሆን፣ ለመመረጥ ግን ንብረት ያለው መሆን ይጠበቅበት ነበር። በዚህ ምክንያት ድሃው ገበሬ መራጭ ቢሆንም ተመራጭ ለመሆን አልታደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ በተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት አርሶ አደሩ መሪዎቹን ከመካከሉ መምረጥ ቢጀምርም፣ መመሪያው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ደንግጓል።

ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት የተደረገው የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲተላለፍ አርሶ አደሩም አዳመጠ። የመሬትና የግብርና ፖሊሲ በግልጽ ሲያከራክር ሰማ። ይሁንና ያ ክርክር የአገር አቀፍ ክርክር ነበር። የጉማራ ውሃ ወይም የአንበሳሜ መንገድ ጉዳይ በእንዲህ ያለ መድረክ አይነሳም፤ ቦታው የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ነው።

የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ተካሂዷል። በ2000 ዓ.ም. የምክር ቤቶቹ ወንበር እንዲበዛ ተደርጎ በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በ2005 ዓ.ም. 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከምርጫው ወጡ። በመሆኑም በብዙ ቦታ መራጩ የሚያነጻጽረው ሌላ ዕጩ አልነበረውም። በ2010 ዓ.ም. ይደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫም ተራዘመ። የሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮችና ለክልል ምክር ቤቶች እንጂ ለወረዳና ለቀበሌ ምክር ቤቶች አልነበረም።

እዚህ ላይ «ተፎካካሪ ከሌለ መጠየቁ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። ሚዛን የሚያስፈልገው ሁለት ሻጭ ሲኖር ብቻ አይደለም፤ አንድ ሻጭም ቢሆን ይመዘናል። እንዲያውም ዕጩው አንድ ብቻ ሲሆን የመራጩ መሣሪያ ጥያቄ ብቻ ስለሚሆን ጥያቄው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ምን ይጠየቅ?

ለዕጩ የሚቀርብ ጥያቄ አራት ነገሮችን ቢይዝ ይበቃዋል። ችግሩን በትክክል ያውቀዋል ወይ? የመፍታት ሥልጣኑ የማን ነው? ገንዘቡና ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ለመራጩስ መቼ ተመልሶ ይናገራል?

ለምሳሌ የጉማራን ውሃ እንውሰድ። ጉማራ ከጉና ተራራ ወርዶ በፎገራ ሜዳ በኩል ጣና ይገባል። በበጋ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ የሚጠጣው በሞተር ፓምፕ ከዚህ ወንዝ እየተሳበ ነው። ከላይ ያለው ሲስብ ከታች ያለው ይደርቅበታል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀያየማል። አንድ ዕጩ ተነስቶ «ከተመረጥሁ የውሃውን ችግር እፈታለሁ» ቢል ጭብጨባ ያገኛል እንበል። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ወንዙ ደራንም ፎገራንም የሚነካ ነው፤ የዚያን ማዶ ሰው ሳታነጋግር እንዴት ትፈታዋለህ?» ቢሉት ነገሩ ይጠራል። የተዘጋጀ ዕጩ ከሆነ የሁለቱ ወረዳ ምክር ቤቶችና የውሃ ተጠቃሚዎች በጋራ ተቀምጠው የመሳቢያ ተራ እንዲያወጡ ሐሳብ እንደሚያቀርብ፣ ይህንንም ከበጋው በፊት እንደሚያደርግ ይናገራል። ያልተዘጋጀ ከሆነም መራጩ ከምርጫው በፊት ያውቀዋል።

ሌላው የሥልጣን ጉዳይ ነው። የርብ ግድብ በፌዴራል መንግሥት የተሠራ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ግድብ አስገነባለሁ የሚል የቀበሌ ዕጩ የሌለውን እየሸጠ ነው። አንበሳሜ የወረዳው መቀመጫ ብትሆንም ዋናው የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ የሚያልፈው በሐሙሲትና በወረታ ነው። ምርቱን ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣ ሰው የመገንጠያው መንገድ ነገር ያሳስበዋል። የወረዳ ምክር ቤት አባል አስፋልት ከኪሱ አያወጣም። ነገር ግን ጥያቄውን ለዞንና ለክልል በጽሑፍ ማቅረብ፣ መልሱን መከታተል፣ ውሃ የሚቆርጠውን የቀበሌ መንገድ ደግሞ በበጀትና በሕዝብ ጉልበት ማስጠገን ይችላል። ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መመደብ ከጀመረበት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወረዳው ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል። አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ለሥራ የምትተርፈው ጥቂት ብር የት እንደምትውል ዕጩውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጎርፉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ዕጩ ዝናብ አያቆምም። ሆኖም የወንዝ ዳር ክትር መቼ እንደሚጠገን፣ የማስጠንቀቂያ ወሬ በምን እንደሚደርስ፣ ከብቱና አዛውንቱ ወዴት እንደሚወጡ መናገር ይችላል። በጣና ላይ የተስፋፋው እምቦጭም ዳር ያሉ ቀበሌዎችን የግጦሽ ቦታና የዓሣ ማስገሪያ ያጣበበ በመሆኑ ዘመቻው ካለቀ በኋላ ማን እንደሚከታተለው መጠየቅ አለበት።

ከጅግና የተገኘ ትምህርት

በዚህ አካባቢ ስለ አመራር ሲነሳ የሩዝ ታሪክ መረሳት የለበትም። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ ሩዝ ከተጀመረባቸው ቦታዎች ውስጥ በደራ የጅግና፣ በፎገራ ደግሞ የሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይገኙበታል። ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን የያዘው ከዚሁ ነው። የዘመኑ የአምራቾች ማኅበራት ግን በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥና መፍረስ ሲፈቀድ በመላ አገሪቱ አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ፈረሱ። አባሉ የገባው ተጠይቆ ስላልነበር ለመውጣት አልዘገየም። ማኅበሩ ፈረሰ፣ ሩዙ ቀረ። ዛሬ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። ሩዙን ገበሬው የራሱ ስላደረገው ቆየ፤ ድርጅቱን የራሱ ስላላደረገው አልቆየም።

የዛሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የቆሙት በሌላ መሠረት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች የጀመሩት ማኅበር ካስለመዳቸው ደንቦች አንዱ አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው ነው። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 147/1991 ይህንኑ አጽንቷል፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009ም አልለወጠውም። አባሉ የቱንም ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው።

ሆኖም እውነቱ መነገር አለበት። በአንዳንድ ማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴ ምርጫ የሚደረገው ከአጀንዳው መጨረሻ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀ፣ አባሉ ከብቱን ለማስገባት ከተነሳ በኋላ ነው። ስም ይጠራል፣ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። ተመራጩ ስለ ማዳበሪያ መዘግየት፣ በመኸር ጊዜ ስለሚወድቀው የሩዝ ዋጋ፣ ስለ ደላላው ወይም ስለ ኦዲት አንድም ቃል ሳይናገር ኃላፊ ይሆናል። በዓመቱ «ገንዘቡ የት ገባ?» ተብሎ ሲጮህ መልስ የሚሰጥ ይጠፋል። ባልተጠየቀ ዕጩ የሚከሰስ ቃል የለም። በገዛ ማኅበሩ ያልጠየቀ አባልም የምክር ቤት ዕጩን ለመጠየቅ አንደበቱ አይፈታለትም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በመሠረታዊ ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ ምርጫ ከአጀንዳው መጀመሪያ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ዕጩ ለአሥር ደቂቃ ሐሳቡን ይናገር፣ አባላትም ይጠይቁት። የተናገረው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በሚቀጥለው ጉባኤም ሪፖርት ከመሰማቱ በፊት ይነበብ።

ሁለተኛ፣ የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ ማኅበራት አዳራሻቸውን ወይም የመጋዘን ግቢያቸውን ለሁሉም ዕጩዎች እኩል ይክፈቱ። ማኅበሩ ዕጩ አይደግፍ፣ አይቃወምም፤ አባሉ ልዩ ልዩ አመለካከት ያለው ነውና። የማኅበሩ ሥራ ቦታውን ማዘጋጀት፣ ሰዓቱን መቆጣጠርና ለሁሉም እኩል ጊዜ መስጠት ነው።

ሦስተኛ፣ የስብሰባው ቀንና ሰዓት ሴቶች ሊገኙበት የሚችል ይሁን። ውሃ የምትቀዳውና ወፍጮ ቤት ተራ የምትጠብቀው እናት ከማንም በላይ ጥያቄ አላት። ጠዋት ከተጠራ ስብሰባ እሷ የለችም፤ ገበያ ቀን ከተጠራም የለችም።

አራተኛ፣ የሥራ ኃላፊዎች ጥያቄን እንደ ተቃውሞ አይቁጠሩት። ጠያቂውን የሚያኮርፍ ተሿሚ በሚቀጥለው ስብሰባ ዝምታ ብቻ ያገኛል። ዝምታ ደግሞ ስምምነት አይደለም፤ ማዳበሪያ የሚቀበለውም ግብር የሚከፍለውም ያው ዝም ያለው ሰው ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

በየበዓሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። በአንበሳሜ ላይ ሲነገር ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ድሩ የሚያብረው ግን ፈታዩ ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ቀጭኑን ከወፍራሙ እየለየ ሲፈትል ነው። አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ስለሚያውቁ ነው። እንግዲህ ዕጩ ይህን ከባድ ቃል በሕዝብ ፊት ይስጥ። መራጩም እንደ እህሉ መዝኖ ይቀበለው፤ ደረሰኙንም አይጣለው።

መልካም የምሥረታ በዓል!