ስለ ቀይ ቦሎቄና ሥጋ ወጥ አሠራር
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት ተለጥፏል።)



ጸሐፊው ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ መዋጮ መናገሩን ትቶ ወጥ ቤት ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። በጽዳቱ ዘመቻ ቀን ከተበላው ወጥ አሥራ አንድ ሰው ታሟል። ከዚያ ወዲህ ያበሰሉልን እናት ስም በየቡናው ላይ ሲነሣ ሰምቻለሁ። እጃቸው ነው የሚል አለ፣ ዓይን ነው የሚል አለ፣ ሥጋው ያደረ ነው ብሎ ባለ ሉካንዳውን የሚያማም አለ። ጥፋቱ የኔ ነውና በፊታችሁ ልናገር።

ምግቡ ቺሊ የሚባለው የአሜሪካኖች ወጥ ነው። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ቴክሳስ ስለምትኖር አሠራሩን በስልክ ነግራናለች። ሙሉ ስሙ ቺሊ ኮን ካርኔ ሲሆን በስፓኝ ቋንቋ በርበሬ ከሥጋ ጋር ማለት ነው። ቴክሳሶች እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. የግዛታቸው ምግብ ብለው አውጀውታል። እዚያ ቦሎቄ አይገባበትም ብሎ የሚሟገት ብዙ ነው አሉ፤ እኛ ግን ሥጋው ለሁሉ እንዲዳረስ የፈለግነው ቦሎቄውን ነው። ደግሞ ባዕድ አይምሰላችሁ፣ በርበሬውም ቦሎቄውም ጥንት ወደኛ የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው።

ያን ቀን ሁለት ድስት ተጣደ፤ አንዱ በክርስቲያን ሥጋ፣ አንዱ በሙስሊም ሥጋ። ቀይ ቦሎቄውን ጠዋት ከገበያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኚያ እናት «ሳይዘፈዘፍ? ሳይቀቀል?» ብለው ጠይቀውኛል። ከሰሉ ስላነሰ «ግድ የለም፣ ከሥጋው ጋር በቀስታ ይንተክተክ» አልኩ። ወጡ ከተበላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰው ማስመለስ ጀመረ፤ ከዚህም ድስት ከዚያም ድስት የበላ። ሥጋው ከሁለት ቦታ የተገዛ ነው፣ ቦሎቄው ግን አንድ ነው። እስቲ ፍረዱ።

በኋላ የጤና ጣቢያ ነርስ ጠይቄ እንደተረዳሁት ቀይ ቦሎቄ በጥሬው መርዝ አለበት። አራት አምስት ፍሬ እንኳ ሰው ያሳምማል። መርዙ የሚጠፋው በኃይል ሲፈላ ነው፤ በለዘብተኛ እሳት ሲንተከተክ ግን ከጥሬው ይብስበታል። እኔ ቁጠባ መስሎኝ ያደረግሁት ይህንኑ ነው! ደግነቱ ሕመሙ በጥቂት ሰዓት የሚለቅ ስለሆነ ሁሉም ድነዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ቀይ ቦሎቄ ማታ ተለቅሞ በብዙ ውኃ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ውኃው ይደፋል፣ ቦሎቄው ይታጠባል፣ አዲስ ውኃ ተደርጎ ፍልቅልቅ እያለ ግማሽ ሰዓት ይፈላል። አሥር ደቂቃ ይበቃል የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ግን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና ግማሽ ሰዓቷን አትቀንሱ። ከዚያ ይህም ውኃ ይደፋና በሌላ ውኃ፣ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀላል። ቲማቲም አብሮ አይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቦሎቄን ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ቶሎ ስለሚበስል የከሰሉም ቁጠባ ያለው እዚህ ላይ ነበር።

ለሥጋው አንድ ኪሎ ፍርምባ ወይም ከቅልጥም ዙሪያ ያለውን ግዙ። ብዙ ሰዓት እሳት ላይ ስለሚቆይ ለጥብስ የሚሆነውን ሥጋ እዚህ ማባከን አያስፈልግም። በትንንሹ ተቆርጦ፣ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በዘይት ይጠበስ፤ ሁሉ ባንዴ ከገባ ውኃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሥጋው ወጥቶ በዚያው ዘይት አራት ራስ ሽንኩርት ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬና አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን ይግባ። የኛ በርበሬ ቅመሙን ይዞ ስለሚመጣ ሌላ አትጨምሩ። ከዚያ ሥጋው ይመለስ፣ አምስት የተከተፈ ቲማቲም ይግባ፣ ውኃ ይሙላበትና ተከድኖ ሁለት ሰዓት ያህል ይንተክተክ። የበሰለው ቦሎቄ የሚገባው በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ጨውም ያኔ ይስተካከላል። በዳቦም በእንጀራም ይበላል፤ ለእንጀራ ከሆነ ወፈር ይበል። ለአሥር ሰው ይበቃል። ለጾም ቀን ሥጋውን ትቶ መሥራት ነው።

እናታችንን እዚሁ በፊታችሁ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በሚቀጥለው የጽዳት ቀን እንደገና ሊያበስሉልን ፈቅደዋል። ቦሎቄው በዋዜማው ማታ እኔ ቤት ይዘፈዘፋል፤ የሚጠራጠር ካለ መጥቶ ይይ። ትልቅ ድስት ያላችሁ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ