ሕግ ያረቀቁት፣ አውሬ ያናገሩት በጅሮንድ



የተጠራሁት ሒሳብ ላቀርብ ነው። አስቀድሜ ግን ስለ በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ጥቂት ልናገር። በጅሮንድ ማለት የግምጃ ቤት ሹም ነው፤ ለእኔ ሙያ ቅርብ ናቸው።

በልጅነታቸው ዓድዋ ዘመቱ፤ ከዚያም ሩሲያ ሄደው ተማሩ። አገራቸው ተመልሰው የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ በማድረግ «ፋቡላ»ን ጻፉ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ይባላል። የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚነካው ግን ሹማምንቱን ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አረቀቁ።

ያ ሕግ ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጠ፤ የምክር ቤቱን አባላትም ሕዝብ አልመረጠም። ሕግ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚናገር ሰው ከሌለ ግን ብቻውን አይበቃም።

የእኛም ደንብ ብድር በሦስት ፊርማ ይውጣ ይላል። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ግን በአንድ ፊርማ ብር ሲወጣ አየሁ። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ። ገንዘቡ ተመልሷል፤ እኔ ግን ጥፋቴን ሳልናገር ሒሳቡን መዝጋት አልፈልግም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። መዝገቡ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ማንበብ ለማትችል እህት እኔ አነብላታለሁ። ያልገባችሁን ጠይቁኝ፤ በአውሬ አፍ ሳይሆን በራሳችሁ አፍ።