ግዙፍ ከርነልን ስለ ማገናኘትና ስለ ፕሮሰሰር የዝላይ ገደብ




ከቆቦ ተነሥቶ ወደ አላማጣ በእግሩ የሚያመራ መንገደኛ በአንድ ትንፋሽ መድረስ ያቃተው እንደሆነ ዋጃ ላይ ያርፋል። በመካከል ያለች ከተማ ጥቅሟ ይኸው ነው፤ በአንድ ጊዜ የማይደረስበትን ስፍራ በሁለት ጊዜ ታስደርሳለች። የዚህ ንግግር ርእስም በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገጥመው ተመሳሳይ ችግርና መፍትሔው ነው።

፩. የችግሩ ምንነት

ከርነል ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዙትን መሣሪያዎች ሁሉ የሚያስተዳድር የስርዓተ ክወናው አስኳል ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ዛሬ ከእጅ ስልክ አንሥቶ እስከ ታላላቅ ሰርቨሮች ድረስ ይሠራል። በውስጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ሲኖሩ፣ እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው በኮምፓይለር ወደ ማሽን ቋንቋ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሊንከር የተባለው አገናኝ ፕሮግራም ሁሉንም በየቦታቸው ደርድሮ አድራሻ ይሰጣቸዋል። አንዱ ፋይል በሌላው ውስጥ የሚገኝ ፈንክሽን ሲጠራም፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስልቶ በዝላይ ትእዛዙ ውስጥ ይጽፋል።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በ32 ቢቱ አርምና በፓወር ፒሲ ፕሮሰሰሮች መደበኛው ትእዛዝ ርዝመቱ 32 ቢት ብቻ ነው። ከዚህም ከፊሉ የትእዛዙን ዓይነት ለመግለጽ ስለሚውል፣ ለጥሪው ርቀት የሚቀረው 24 ቢት ነው። ትእዛዞች በየአራት ባይቱ ስለሚቀመጡ ይህ ቍጥር በአራት ይባዛል፤ ስለዚህም ዝላዩ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ ከ32 ሜጋባይት አያልፍም። ተምብ 2 በተባለው የአርም የትእዛዝ ስብስብ ገደቡ ወደ 16 ሜጋባይት ይወርዳል። 64 ቢቱ አርም ለርቀቱ 26 ቢት ስለ መደበ 128 ሜጋባይት ይደርሳል። በፓወር ፒሲ በቅድመ ሁኔታ የሚፈጸመው ዝላይ ደግሞ 32 ኪሎባይት ብቻ ይሄዳል።

በአንጻሩ የኢንቴል 64 ቢት ፕሮሰሰር የትእዛዙ ርዝመት የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ ለርቀቱ ሙሉ 32 ቢት ሰጥቶ 2 ጊጋባይት ያህል ይዘላል። ከዚህ የተነሣ በኢንቴል ማሽን ብቻ የሠራ ባለሙያ ችግሩን አንድ ቀን እንኳ ሳያየው ሊኖር ይችላል።

፪. ነገሩ ለምን ያሳስባል

ለአንድ መሣሪያ ተመርጦ የሚሠራ ከርነል አብዛኛውን ጊዜ ከገደቡ እጅግ ያነሰ ነው። ገደቡ የሚጣሰው የሊኑክስ ሠሪዎች ያለውን ድራይቨር ሁሉ በአንድ ከርነል ውስጥ አጠቃልለው ሲያገናኙ ነው። እንዲህ ያለውን ከርነል በሥራ ላይ የሚያውል የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ስለ ምን ይደከምለታል? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

መልሱ እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር ቅርብ ነው። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ መሣሪያ አዲስ ዓይነት ስለ ወጣ ብቻ አይጣልም፤ እየተጠገነ ይሠራል። በቆቦ ሜዳ የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ የሚቆጣጠር አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ እንበል። ይህ ኮምፒዩተር የሚገለገልበትን ድራይቨር በዓለም ላይ በየዕለቱ የሚያስኬደው ሰው ጥቂት ነው። የከርነሉ ሌላ ክፍል ሲሻሻል ይህ ድራይቨር ቢሰበር ፈጥኖ የሚጮኽለት አይገኝም። ሁሉንም በአንድነት የማገናኘት ሙከራ ግን የጠፋውን ስም፣ ሁለት ጊዜ የተሰየመውን ፈንክሽን፣ የተረሳውን ጥገኝነት ያወጣዋል። በርግጥ ሙከራው መሣሪያው በትክክል መሥራቱን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ሊንከሩ በርቀት ምክንያት ቆሞ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ጥበቃ አብሮ ይቀራል።

፫. መሸጋገሪያ

ለችግሩ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኮምፓይለሩ ለእያንዳንዱ ጥሪ ሙሉውን አድራሻ በሬጂስተር ጭኖ እንዲዘል ማዘዝ ነው። ይህ የትም ያደርሳል፤ ዳሩ ግን ቅርብ የሆነውም ጥሪ የሩቁን ዋጋ ይከፍላል፤ ፕሮግራሙም ያብጣል።

ሁለተኛው ሥራውን ለሊንከሩ መተው ነው። ሊንከሩ ርቀቱ የማይደርሰውን ጥሪ ሲያገኝ፣ በሚደረስበት ስፍራ ጥቂት ትእዛዞች ያሉት መሸጋገሪያ ይሠራል። ጥሪው ወደ መሸጋገሪያው ይዘላል፤ መሸጋገሪያውም ሙሉውን አድራሻ ጭኖ ወደ እውነተኛው ግብ ያደርሳል። ዋጋውን የሚከፍለው ሩቁ ጥሪ ብቻ ነው። መሸጋገሪያው የፕሮግራሙን ሥራ እንዳያበላሽ፣ የየፕሮሰሰሩ የጥሪ ደንብ በጥሪ ጊዜ ይዘቱ ቢጠፋ የማያስከፋ ሬጂስተር አስቀድሞ ለይቶ አስቀምጧል፤ በ32 ቢቱ አርም ይህ ሬጂስተር 12ኛው ነው።

መሸጋገሪያው ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይገፋል። በዚህም ቀድሞ ይደረስበት የነበረ ጥሪ ከገደቡ ሊወጣ ይችላል። በራያ ቆላ የጎርፍ መስኖ የላይኛው ገበሬ አዲስ ጠለፋ ሲያወጣ የታችኛው ድርሻ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ አንዱ ለውጥ ሌላውን ይጠራል። ስለዚህ ሊንከሩ አዲስ መሸጋገሪያ የሚያሻው ጥሪ እስኪታጣ ድረስ ስሌቱን ይደጋግማል።

፬. ቦታ ማጣትና መፍትሔው

ሊኑክስን ያሰናከለው ሌላ ነገር ነበር። ከርነሉ ሲሠራ በየፎልደሩ ያሉት ፋይሎች አስቀድመው ወደ አንድ ፋይል ይዋሐዱ ነበር፤ እነዚህም እንደ ገና ከላይኛው ፎልደር ጋር ይዋሐዳሉ። የመጨረሻው ማገናኘት ሲደርስ ሊንከሩ የሚያገኘው ጥቂት ግዙፍ ብሎኮችን ነው። ሊንከር መሸጋገሪያ የሚያስገባው በብሎክና በብሎክ መካከል እንጂ በብሎክ ሆድ ውስጥ አይደለም። ብሎኩ ከመሃሉ የሚነሣ ዝላይ ዳሩን መድረስ እስኪሳነው ድረስ ሲያድግ መሸጋገሪያ የሚቆምበት መሬት ይታጣል፤ በቆቦና በአላማጣ መካከል ዋጃ የምትቆረቆርበት ስፍራ እንደ ማጣት ያለ ነው።

ስቲቨን ሮትዌልና ኒኮላስ ፒጊን የደከሙበት መፍትሔ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በወጣው ሊኑክስ 4.9 ውስጥ በአማራጭነት ገባ። በዚህ አሠራር ፋይሎቹ አይዋሐዱም፤ በምትኩ የፋይሎቹን ስምና ቦታ ብቻ የያዘ ስስ መዝገብ ይዘጋጃል። ሊንከሩ መዝገቡን ተከትሎ እያንዳንዱን ፋይል በተናጠል ስለሚያገኝ፣ በየመካከሉ መሸጋገሪያ የሚያቆምበት ክፍተት ተገኘ። ይዘቱ በየደረጃው ባለመገልበጡም የዲስክ ቦታ ተቆጠበ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ሊኑክስ 4.13 አሠራሩ ለሁሉም የፕሮሰሰር ዓይነቶች መደበኛ ሆነ።

፭. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መሐንዲስ የሚተርፈው ቁም ነገር አለ። ፕሮሰሰሩ አልተለወጠም፤ 24ቱ ቢት ዛሬም 24 ናቸው። የተለወጠው የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ ይዋሐድ የነበረው እስከ መጨረሻው ተለያይቶ እንዲቆይ ተደረገ። «ዝላዩ አይደርስም» የሚል የሊንከር መልእክት ያጋጠመው ባለሙያ፣ አስፈላጊውን ክፍል ቈርጦ ከመጣሉ ወይም ሌላ ማሽን ይገዛ ከማለቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመርምር፦ ዝላዩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትእዛዙ ገደብ ስንት እንደሆነ፣ በመካከሉም መሸጋገሪያ የሚቆምበት ስፍራ መኖር አለመኖሩን። ሦስቱም በእጁ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ያለ አንዳች ወጪ የሚታዩ ናቸው።