«በራሷ ፈቃድ ለቀቀች» ብለን የጻፍነው

(በማኅበራችን የግማሽ ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



እኛ ሦስታችን የሒሳብ ሠራተኞች ነን። ከዚህ መድረክ ላይ የምታውቁን የቁጠባና የብድር ሪፖርት ስናነብ ነው። በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳ፣ ጉዳት የደረሰባትን ሴትም በሥራዋ ላይ ማቆየት ስለሚቻልበት መንገድ እንድንናገር ስንጠየቅ፣ «እኛ ከሒሳብ በቀር ምን እናውቃለን?» ብለን ነበር። ቁጭ ብለን ስንነጋገር ግን የምናውቀው ነገር እንዳለ፣ ያውም በገዛ እጃችን የጻፍነው መሆኑን ተረዳን።

የምንነግራችሁ የአንዲት አባላችንን ታሪክ ነው። ስሟን አንጠራም፤ የሠራችበትን ፋብሪካም አንጠራም። ይህን ንግግር ከእናንተ በፊት አንብባዋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር አውጡልኝ አለችን፤ አወጣን።

ልጅቷ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ማሽን ላይ ትሠራ ነበር። እኛ በዚያው ፋብሪካ የደመወዝ መክፈያ እናዘጋጅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ቀን አልተቀጣችም። ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ አረፈደች። በሚቀጥለው ወር ሦስት ቀን ቀረች። እኛም የአሻራ መቆጣጠሪያውን አይተን ደመወዟን ቀነስን። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ደረሳት። ሕጉ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድን ወይም አምስት ቀን መቅረትን ለስንብት በቂ ምክንያት እንደሚያደርገው ስለምናውቅ፣ «ይህች ልጅ ራሷን እያባረረች ነው» ተባባልን። አንዳችንም «ምን ሆነሽ ነው?» ብለን አልጠየቅናትም።

አንድ ቀን «በግል ምክንያት በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ደብዳቤ አስገባች። ክሊራንስ ልታስፈርም ወደ እኛ ስትመጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ አልሰጠሽም» ብለን ከቀሪ ክፍያዋ ላይ ቀነስን። ሳትከራከር ፈረመችና ወጣች። እኛም ፋይሉን ዘጋን።

ከሰባት ወር በኋላ በማኅበራችን የቁጠባ ቀን ተገናኘን። እሷ አዲስ ቆጣቢ ሆና መጥታ ነበር። ቡና እየተፈላ ሳለ ነገሩን አወጣችው። የምርት ክፍሉ ኃላፊ በማታ ፈረቃ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እየጠራ ያስቸግራት ነበር። አንድ ጊዜ ደፍራ ለአስተዳደር ተናገረች። ሦስት ወንዶች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። «ለምን አልጮኽሽም? ለምን በማግሥቱ አልነገርሽም? መጀመሪያ ያልሽውና አሁን ያልሽው አይገጥምም» አሏት። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረችም።

በማግሥቱ ቢሮ ገብተን የድሮውን መዝገብ አወጣን። ያረፈደችባቸውንና የቀረችባቸውን ቀናት ከኃላፊው የፈረቃ ሰሌዳ ጎን አስቀመጥናቸው። ከአንድ ቀን በቀር ሁሉም እሱ ማታ የሚገባባቸው ቀናት ሆነው ተገኙ። መረጃው ሁልጊዜ በእጃችን ነበር። እኛ ያየነው የሚቀነሰውን ብር ብቻ ነው።

ወዳጆቻችን፣ አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ይህን እያንዳንዷ ሠራተኛ ልታውቀው ይገባልና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። ያለ ፈቃዷ ሴትን በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ መገፋፋት ትንኮሳ ነው፤ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ከተጨመረበት ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል። ድርጊቱን አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከፈጸመባት ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባታል፤ በዚያ ላይ የዘጠና ቀን ደመወዝ ካሳ ይታሰብላታል።

ስሌቱን እንደ ልማዳችን እንሥራው። ደመወዟ በወር 3,000 ብር፣ በቀን 100 ብር ነው እንበል። ካሳው 9,000 ብር ነው። አንድ ዓመት ሠርታ ከሆነ የስንብት ክፍያው የሠላሳ ቀን፣ ማለትም 3,000 ብር ነው። ድምሩ 12,000 ብር ይመጣል። «በራሴ ፈቃድ» ብላ ሳታሳውቅ ከወጣች ግን ይህ ሁሉ ይቀርና፣ እሷ ራሷ እስከ ሠላሳ ቀን ደመወዝ፣ ማለትም እስከ 3,000 ብር ልትጠየቅ ትችላለች። በአንድ ደብዳቤ አጻጻፍ መካከል እስከ 15,000 ብር ልዩነት አለ ማለት ነው። እኛ ያንን ልዩነት በእሷ ላይ አስፈረምናት።

ታዲያ ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የለቀቀችበት ምክንያት በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ሁለተኛ፣ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ አሥራ አምስት የሥራ ቀናት ሲያልፉ ይቀራል። አሥራ አምስት የሥራ ቀናት! እሷ አፏን ለመፍታት ሰባት ወር ፈጀባት።

ሰው ለምን ይዘገያል? አንዳንዱ «እውነት ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትናገር ነበር» ይላል። የሥነ ልቦና ጉዳትን የሚያውቁ ባለሙያዎች የሚሉት ግን ሌላ ነው። ሰውነት አደጋ ሲያይ ይታገላል፣ ይሸሻል፣ ወይም ደርቆ ይቀራል። ደርቆ የቀረ ሰው አይጮህም፤ አለመጮኹ ግን ፈቃድ አይደለም። በፍርሃት ውስጥ የተቀመጠ ትዝታም ቅደም ተከተሉ ይዛባል። ልጃችን ቀኑን ታምታታለች፤ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ትሰማዋለች። እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥ፣ ማርፈድ፣ ከሰው መራቅ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት የዚያ ቁስል ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሮ ግን «ስንፍና» እና «ጠባየ ብልሹነት» ብሎ ይመዘግባቸዋል።

ቁስሉን ተረድቶ መሥራት ማለት ይህን ማወቅ፣ ምልክቱን መለየት፣ ተገቢውን ምላሽ መስጠትና የቆሰለችውን ዳግም አለማቁሰል ነው። በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው፦

ከመቅጣት በፊት መጠየቅ። ጥሩ ሠራተኛ በድንገት ስትለወጥ፣ ብቻዋን ጠርቶ «ደኅና ነሽ? ልንረዳሽ የምንችለው ነገር አለ?» ማለት። መልስ እንድትሰጥ ግን አለማስገደድ።

አንድ ጊዜ በደንብ መስማት። እሷ በመረጠችው ሰው ፊት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ጓደኛዋ አጠገቧ ተቀምጣ። የተናገረችው ተጽፎ ይነበብላት፤ በየቢሮው እየዞረች እንዳትደግመው።

የሚሆነውን አስቀድሞ መንገር። ማን ያየዋል? መልሱ መቼ ይመጣል? ምስጢሩ እስከ የት ይጠበቃል? ልንጠብቅ የማንችለውን ምስጢር እንጠብቃለን አንበል።

የተከሰሰውም ይሰማ። ፍትሕ ለሁለቱም ነው። ሁለቱን ፊት ለፊት አፋጥጦ ማነጋገር ግን መስማት አይደለም። እስኪጣራ ድረስ ፈረቃው የሚለወጠው የእሱ ይሁን፤ እሷ የምትፈልገው መዛወር ከሆነ ግን ምርጫው የእሷ ነው።

ሥራውን ለሠራተኛዋ ማመቻቸት። የቀን ፈረቃ፣ ጀርባዋ ለበሩ ያልተሰጠ መቀመጫ፣ ወደ ምክር አገልግሎት የምትሄድበት ሰዓት። ይህ ችሮታ አይደለም። አዋጁ አሠሪው የሥራ ቦታው በአካል ብቻ ሳይሆን በሥነ ልቦናም ጉዳት እንዳያደርስ እንዲጠብቅ ያዝዛል። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ ስትወስድ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሙሉ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ነው። የአካል ጉዳት ላለባቸው እህቶቻችን ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን፣ ይህ የሠራተኛ አዋጅ እናንተን አይሸፍንም፤ ይህን ደብቀን አናልፍም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን አሠሪ በመሆኑ ያገኘውን ሥልጣን ተጠቅሞ በሴት ላይ ወሲባዊ ድርጊት የሚፈጽምን ሰው ይቀጣል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች የነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ለልጃችን ምን አደረግንላት? የቀኖቹን ሰንጠረዥ ይዘን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባን፤ የገባነው ግን በእሷ ፈቃድ ነው። ሰውየው ከማታ ፈረቃ ተነሣ፤ ከሥራ ግን አልተሰናበተም። ቀኑ ስላለፈ ካሳውን አላገኘችም። ያንን ገንዘብ መመለስ አልቻልንም፤ ይቅርታ ጠየቅናት። «ገንዘቡስ ገንዘብ ነው፤ እናንተ ያን ቀን ቀና ብላችሁ ብታዩኝ ኖሮ» አለችን። ይህ ቃል ከእኛ ጋር ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤታችን አንድ ልማድ አለን። «በራሴ ፈቃድ» የሚል ደብዳቤ ይዛ የመጣች ሴት ወንበር ይሰጣታል። ክሊራንሱ ከመፈረሙ በፊት ከእኛ አንዳችን ብቻዋን ታነጋግራታለች፤ የምክንያቱ አጻጻፍና አሥራ አምስቱ ቀናት ምን ማለት እንደሆኑ ትነግራታለች። መወሰን የእሷ ነው። እስካሁን ሁለት ሴቶች ደብዳቤያቸውን መልሰው ወስደው እንደገና ጽፈዋል።

አባላት ሆይ፣ በየሥራ ቦታችሁ የሆነውን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በትንሽ ደብተር ጻፉ። ለመናገር ባትደርሱ እንኳ ጻፉ። ያለ ቀን የሚዘጋ ሒሳብ እንደሌለ ሁሉ፣ አቤቱታም ያለ ቀን ይዳከማል። አንዲት እህት ነገሯን ስትነግራችሁም ከምክር በፊት «አምንሻለሁ» በሏት።

ደጋፊዎቻችን፣ ለሥልጠና አዳራሽና ለባነር የምትሰጡን ድጋፍ መልካም ነው። በዚህ ዓመት ግን የምንለምናችሁ አነስ ያለ ነገር ነው፦ በር የሚዘጋ አንዲት ክፍል፣ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ የምክር ባለሙያ፣ ወደ ሐኪምና ወደ ሕግ ባለሙያ የሚያደርስ የትራንስፖርት ብር። ደረሰኙን እኛ እንይዛለን፤ ስም ግን በደረሰኝ ላይ አንጽፍም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሽታዋን ለመግለጥ የመጣችውን የምናሳፍር እኛ ከሆንን፣ የደበቅነው እኛ ነን። መዝገባችንን እንደገና እንክፈት። ከእያንዳንዱ «ቀረች» እና «አረፈደች» ከሚል ቃል ጀርባ ሰው አለች።